አሠሪዎ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲያዝዎት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ በላይ እንዲሠሩ ሲታዘዙ አስቀድመው ምክንያቱን ይጠይቁ፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ካልሆነ በቀር አሠሪው ሊያስገድድዎት አይችልምና። ምክንያቱ ቢኖርም እንኳ ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን እና ዕድሜው 18 ያልሞላን ወጣት ግን በትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

ክፍያው እንደ ሰዓቱ ይለያያል። የሰዓት ደመወዝዎ 40 ብር ቢሆን፣ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሠሩት እያንዳንዱ ትርፍ ሰዓት 60 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 70 ብር፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 80 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን 100 ብር ይታሰብልዎታል።

ብዙ ሠራተኛ የሚሸነፈው መብት አጥቶ ሳይሆን ማስረጃ አጥቶ ነው። ሕጉ የአሠሪውን ግልጽ ትእዛዝ ስለሚጠይቅ፣ አለቃዎ «ዛሬ አምሹ» ብሎ በቃል ቢያልፍ እንኳ የታዘዙትን በስልክ መልእክት እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ፤ የገቡበትንና የወጡበትንም ሰዓት በየዕለቱ በደብተርዎ ይመዝግቡ። ካልተከፈልዎ አቤቱታውን አያዘግዩ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል።