ክፍል ውስጥ ዝም ለሚሉ ተማሪዎች

9ኛ ክፍል የምታስተምሩ፣ ልጆቹ እስካሁን በኦሮምኛ ሲማሩ ቆይተው ድንገት ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሲሆንባቸው ይቺን ሞክሯት። ጥያቄ እንደጠየቃችሁ "እሺ ማን ይመልሳል?" አትበሉ፣ እጅ የሚያወጡት ያው የምናውቃቸው ልጆች ናቸው፣ ሌላው ገና ጥያቄውን በሆዱ እየተረጎመ ነው። መጀመሪያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር በፈለጉት ቋንቋ 2 ደቂቃ ያውሩበት፣ ከዛ በእንግሊዝኛ ለክፍሉ ይናገሩ። ባዮሎጂ ላይ በጣም ይሰራል፣ ፎቶሲንተሲስ በአፍ መፍቻው ከገባው ግማሹ ስራ አለቀ። አንዱ "ፕላንት ፉድ ሜክ" ብሎ ከመለሰ ደግሞ ስህተት ነው ብላችሁ አታሸማቅቁት፣ "የስ፣ ፕላንትስ ሜክ ፉድ፣ ግን በምን?" ብላችሁ አስተካክላችሁ ድገሙለትና ቀጥሉ። ክፍሉ ይንጫጫል (ዳይሬክተሩም በመስኮት ብቅ ይል ይሆናል) ግን ጫጫታው የትምህርት ነው።