ጎንደር ስታዲየም ኮንሰርት ለምትገቡ፦ የት ትቆማላችሁ?

ፋሲለደስ ስታዲየም ውስጥ የአንጋፋ ሙዚቀኛ ኮንሰርት ለማየት ያሰባችሁ፣ ሮክም ይሁን የእኛው ባንድ፣ መድረኩ ሥር ለመድረስ አትጋፉ። አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው መሃል አካባቢ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ዘርግቶ የሚሠራበት ድንኳን አለ፤ ከእሱ አጠገብ ቁሙ። ጊታሩን፣ ከበሮውንና ድምፃዊውን የሚያመጣጥነው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ልክ ስለሆነ ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የለም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ 100 ሜትር ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ ከበሮው ሲመታ ካያችሁ በኋላ ዘግይቶ ይደርሳችኋል። ስፒከሩ ፊት ደግሞ ቤዙ ሁሉን ይውጠዋል። 100 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ከ15 ደቂቃ በላይ ሲቆይ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ሳትይዙ አትግቡ።

ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑ ቢሞቅም ማታ ይበርዳል። ጋቢ ያዙ።

እባካችሁ፣ ባጃጅ ይጠፋል ብላችሁ ቀድማችሁ አትውጡ! አንጋፋዎቹ ሕዝቡ አብሯቸው ያደገባቸውን ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ለመጨረሻ ነው የሚያስቀምጡት። ከምታውቁት ባለባጃጅ ጋር ገና በቀን ተነጋገሩ።