ማስታወቂያው ይከተለኛል፣ አካውንቴም ክፍት ቀርቷል፦ የኩኪ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ችግር፦ መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ የውሃ ፓምፕ ዋጋ በስልኩ ያያል። ከዚያ በኋላ ዜና ቢከፍት ፓምፕ፣ የኳስ ውጤት ቢከፍት ፓምፕ። «ስልኬ ወሬዬን ይሰማል እንዴ?» ያሰኛል።

ምክንያት፦ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ብሮውዘራችሁ (ገጽ የምትከፍቱበት እንደ ክሮም ያለ መተግበሪያ) ላይ ትንሽ መለያ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ኩኪ የሚባለው ይሄ ነው። የገጹ የራሱ ኩኪ ይጠቅማል፤ ፓስዎርድ በየደቂቃው እንዳትጽፉ የሚያደርገው እሱ ነው። የሚከታተላችሁ እዚያው ገጽ ላይ ማስታወቂያ የሚያስገባው ሌላ ድርጅት ያስቀመጠው ነው። ያው ድርጅት ብዙ ገጾች ላይ ስላለ፣ ፓምፕ ያየውና ኳስ የሚያየው አንድ ሰው መሆኑን በዚያ መለያ ያውቃል።

መፍትሄ፦ ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ ግቡና «ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ» (የሌላ ድርጅት ኩኪ ማለት ነው) የሚለውን ብሎክ አድርጉ። የአይፎኑ ብሮውዘር ሳፋሪ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳትነኩት ያግዳል። ጉግል ግን ከክሮም አስወግዳቸዋለሁ ሲል ቆይቶ በ2024 ሐሳቡን ስለቀየረ ሥራው የእናንተ ነው። የቆዩትንም ኩኪዎች አጥፉ፤ ስታጠፉ ግን «ካሽድ ኢሜጅስ» (ስልኩ ላይ የተቀመጡ የገጽ ፎቶዎች) ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ አለዚያ ገጾቹ ፎቷቸውን እንደገና ሲያወርዱ ፓኬጃችሁን ይበላሉ። ጉግል ወይም ፌስቡክ አካውንታችሁ ውስጥ ሆናችሁ የምትፈልጉትን ግን ኩኪ ማገድ አይሸፍነውም፤ በአካውንቱ ያውቋችኋል።

ችግር፦ ደብረ ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ሲቪ ላካችሁና ወጣችሁ። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ጂሜይል ሲከፍት የእናንተ ደብዳቤ ሁሉ ፊቱ ላይ ተዘረጋ። ከማስታወቂያው ይሄ እጅግ የከፋ ነው።

ምክንያት፦ መስኮቱን ዘጋችሁት እንጂ ከአካውንቱ አልወጣችሁም። «ይሄ ሰው ፓስዎርዱን አስገብቷል» የሚለው ኩኪ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቷል። መብራት ድንገት ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ኩኪው አብሮ አይጠፋም።

መፍትሄ፦ አሁኑኑ በስልካችሁ ጉግል አካውንት ግቡ፣ ሴኪዩሪቲ ውስጥ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ክፈቱና ያን ኮምፒውተር ሳይን አውት አድርጉት። ፓስዎርዱንም ቀይሩ። ለሌላ ጊዜ ኢንኮግኒቶ የሚባለውን የብሮውዘሩን የግል መስኮት ተጠቀሙ፤ የሱ ኩኪ ዲስክ ላይ ስለማይቀመጥ መብራት ቢጠፋም አብሮ ይጠፋል። አደራ፣ ያወረዳችሁት ፋይል ግን በኢንኮግኒቶም ይቀራል። የመታወቂያ ፎቶና የትምህርት ማስረጃ ከዳውንሎድ ፎልደር አጥፍታችሁ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጋችሁ ውጡ።

ችግር፦ ፓስዎርድ በትክክል ብጽፍም ገጹ መልሶ ያስወጣኛል።

ኩኪ በሙሉ ከልክላችሁ ይሆናል። የሌሎቹን ብቻ ከልክሉ፣ የገጹን የራሱን ፍቀዱ።

ችግር፦ ገጹ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ አልከፈት አለ።

ይሄ ከኩኪ ጋር ይምታታል እንጂ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀኑ ነው። የስልኩን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ የገጹ የደህንነት ሰርተፊኬት ገና ያልጀመረ ይመስለዋል። ቀንና ሰዓቱን ኦቶማቲክ አድርጉት። ቀኑ ትክክል ሆኖም ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ እዚያ ገጽ ላይ ፓስዎርድ እንዳትጽፉ።