የእርግዝና ስኳርና አምሮት፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ነፍሰ ጡር ሲያምራት እምቢ አይባልም። ያማራትን ካላገኘች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። ስለዚህ ባል በጨለማ ይወጣል፣ ጎረቤት ሳህን ሸፍና ትመጣለች። እኔም በሁለተኛ እርግዝናዬ፣ ባህር ዳር ማንጎ በሞላበት ሰሞን፣ ስኳርሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ። አምሮቱ ግን የትም አልሄደም። አሁን ሳስበው ስህተቴ ማማሩ አልነበረም። በምን ሰዓት፣ ምን ያህል፣ ከምን ጋር እንደምበላው አለማሰቤ ነበር።

ፍሬውን መጠጣት

ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ወፍራም የማንጎ ጁስ መጠጣት ደስ ይላል። ግን አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንጎ ሊኖር ይችላል። አንዳንዴ ስኳርም ይጨመርበታል። በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ስኳሩም በዚያው ፍጥነት ደም ውስጥ ይገባል። ማንጎውን ቁጭ ብለሽ እያኘክሽ ብትበዪው ግን ገና አንዱን ሳትጨርሺ ይበቃሽ ነበር። እኔን የረዳኝ ግማሽ ማንጎ ቆርጬ፣ ከጥቂት ለውዝ ጋር፣ ቀስ ብዬ መብላት ነው። በባዶ ሆድ ግን አይሆንም።

እጅ ሳይታጠቡ መለካት

አንድ ቀን ለልጄ ማንጎ ልጬ እጄን በሽርጤ ጠረግሁና ጣቴን ወጋሁ። የስኳር መለኪያ መሣሪያው 212 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) አለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለምትከታተለኝ ነርስ ደወልኩ። «እጅሽን በሳሙና ታጥበሻል?» አለችኝ። ታጥቤ፣ አድርቄ ደገምኩት፤ 108። ጣቴ ላይ የቀረችው የማንጎ ጭማቂ ናት ያን ሁሉ ያስደነገጠችኝ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ጠዋት በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ120 በታች ነው። ሰዓቱን መቁጠር የምትጀምሪው ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው። ሐኪምሽ ሌላ ቁጥር ከሰጠሽ የእሱን ያዢ።

«ማር እኮ ስኳር አይደለም»

ይህን ስንቴ እንደሰማሁት! የጎጃም ማር ንጹህ ነው፣ እውነት ነው። ግን ከማር ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው። አጥሚትም እንደዚያው። ለነፍሰ ጡር ጉልበት ይሰጣል ተብሎ በትልቅ ኩባያ ይመጣል፤ ቀጭን የእህል ዱቄት ነው፣ ማርም ይገባበታል፣ ቶሎ ስኳር ያወጣል። እናቴን እምቢ ማለት ከበደኝ። በመጨረሻ «እማዬ፣ ባይሆን ሻይ በብርጭቆ፣ ማር ሳይገባበት» አልኳት። ቅር አላት፣ ግን ገባት።

ጥቁር ጤፍ ስኳር አያወጣም የሚባለውም ልክ አይደለም። ያወጣል። እንጀራውን አሳንሺ፤ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን አብዢ። ጣና ዳር ሆነን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ባናስታውስ ነውር ነው፤ በደንብ ይብሰል እንጂ ለዚህ ጊዜ የሚሆን ምግብ ነው። ጎመኑንና ዓሣውን አስቀድመሽ እንጀራውን ብታስከትዪ፣ ከዚያም 15 ደቂቃ በሐይቁ ዳር ብትራመጂ፣ ለውጡን መሣሪያው ላይ ታዪዋለሽ።

ራትን መዝለል

ራት ሳልበላ ባድር የጠዋቱ ይወርድልኛል ብዬ ነበር። አልወረደም። ሌሊት ጉበት ራሱ ስኳር ይለቃል፤ የእርግዝና ሆርሞኖችም ስኳሩን ከፍ ያደርጉታል። ደግሞ ተርቦ የዋለ ሰው አምሮቱን አይቋቋምም። በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻላል። ጾም ሲመጣም ብቻሽን አትወስኚ፤ ከሐኪምሽም ከንስሐ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ።

ኢንሱሊንን መፍራት

ስኳር የሚያወርደውን የኢንሱሊን መርፌ «ከጀመርሽው አይለቅሽም» ይሉሻል። ስኳሩ የመጣው በእርግዝናው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይቆማል። ኢንሱሊኑ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ አይደርስም። ስኳሩ ግን ያልፋል። ልጁም ያን ለመቋቋም የራሱን ኢንሱሊን ያበዛል፣ ከልክ በላይ ይወፍራል፣ ሲወለድ ደግሞ የራሱ ስኳር ሊወርድበት ይችላል። ኢንሱሊን የምትወጊ ከሆነ ግን ከ70 በታች መውረድንም ተጠንቀቂ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ከመጣብሽ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ተለኪ።

አፈር ወይም የሸክላ ስባሪ የሚያምርሽም አትፈሪ፣ ግን ለሐኪምሽ ንገሪ። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

ከወለዱ በኋላ መርሳት

ወልደሽ ስኳሩ ሲጠፋ ሁሉም ይረሳል። ግን ከወሊድ በኋላ ከ4ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ መመርመር አለብሽ፤ ምክንያቱም ወደፊት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልሽ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። የወንድ ልጅ ክርስትና በ40፣ የሴት በ80 ቀን ነው። ሁለቱም በዚያው ጊዜ ውስጥ ይውላሉ። እኔ የድግሱ ወረቀት ላይ፣ ከበጉና ከቅቤው በላይ፣ «ስኳር መለካት» ብዬ ጻፍኩት።