ያረጀ ላፕቶፕ አዲስ ስርዓተ ክወና አልቀበል ሲል

ከሁሉ በፊት ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ከታች ካሉት መፍትሄዎች አንዱ ዲስኩን ባዶ ያደርጋል።

የመጫኛው ፍላሽ ተሰክቶ ላፕቶፑ እንዳላየ ያልፈዋል

ሰው ወዲያው ማሽኑን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍላሹ አዘገጃጀት ነው። የወረደውን የአይኤስኦ ፋይል (መጫኛው በአንድነት የታሸገበትን) እንደ ማንኛውም ሰነድ ፍላሹ ላይ መገልበጥ አይበቃም። እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። እዚያም ላይ ወጥመድ አለ፦ የቆዩ ላፕቶፖች የሚነሡት በባዮስ (በድሮው የማስነሻ ፕሮግራም) ሲሆን፣ ፍላሹ በጂፒቲ (በአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ለዩኢኤፍአይ (ባዮስን ለተካው ማስነሻ) ብቻ ተዘጋጅቶ ከሆነ አያውቁትም። ሩፈስ ላይ የድሮውን አከፋፈል ኤምቢአርንና ባዮስን መርጠው እንደገና ያዘጋጁት። ከዚያ ላፕቶፑ ሲበራ የማስነሻ ሜኑውን የሚከፍተውን ቁልፍ ይጫኑ፤ እንደ አምራቹ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኤስኬፕ ሊሆን ይችላል።

የዊንዶውስ መጫኛው «ዲስኩ ጂፒቲ ስለሆነ አልጭንበትም» ይላል

ፍላሹ በባዮስ መንገድ ተነሥቷል፣ ዲስኩ ግን የተከፋፈለው ለዩኢኤፍአይ ነው። ላፕቶፑ ዩኢኤፍአይ ካለው ፍላሹን ለሁለቱም መንገድ ወይም ለዩኢኤፍአይ አዘጋጅተው በዚያው ያስነሡት፤ ምንም ማጥፋት አያስፈልግም። ከሌለው ሺፍትንና ኤፍ10ን አብረው ተጭነው በሚመጣው የትእዛዝ መስኮት ዲስክፓርትን (የዲስክ ማስተዳደሪያውን) ይክፈቱ፣ ዲስኩን መርጠው ሁሉን የሚያጠፋውን «ክሊን» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ይህ ትእዛዝ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም። የዲስኩን መጠን ሁለት ጊዜ አይተው ይምረጡ።

መሃል ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል

የሚያለፋው ይሄኛው ነው። የት ላይ እንደቆመ በወረቀት ይያዙና እንደገና ይሞክሩ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጫኛ ፋይሉ ነው፤ የሻ-256 ቁጥሩን (የፋይሉን አሻራ) አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር ያስተያዩ፣ ከተለያየ እንደገና ያውርዱ፣ ፍላሹንም ይቀይሩ። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚቆም ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ራም ወይም ሙቀት ነው። እኔ ሁለት ሌሊት ሙሉ አንዱን ፋይል ደጋግሜ ሳወርድ አድሬያለሁ፤ የተበላሸው ከሁለቱ ራሞች አንዱ ነበር። ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86+ን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ያስኪዱ፤ ስህተት ካሳየ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጡ ይፈትኑ። የማራገቢያውንም አቧራ ያጽዱ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ወይም የስማርት መረጃው (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበው) ተበላሽተው በምትክ የተተኩ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) እየበዙ መሆናቸውን ካሳየ፣ ፎርማት አያድነውም። በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ይተኩት፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ አላውቅም።

ማሽኑ ብቁ አይደለም ይላል

ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) ይጠይቃል። ፍተሻውን የሚያልፉ ዘዴዎች አሉ፤ እኔ ግን ቀላል ሊኑክስ (ሌላ፣ ነፃ ስርዓተ ክወና) እመርጣለሁ። ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ከሆነ ምርጫው ይጠባል፦ ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን 12 ለዚህ መጫኛ አለው፣ ዴቢያን 13 ግን የለውም።

ሊኑክስ ሲነሣ ስክሪኑ ከጠቆረ፣ የኡቡንቱ (የሌላው ሊኑክስ ዓይነት) መነሻ ሜኑ ላይ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን ይምረጡ።

ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ድሮ ይመለሳል

የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ አልቋል። ቀኑ ሲዛባ የደኅንነት ሰርተፍኬቶች ተቀባይነት ያጣሉ፤ ዝማኔም አይወርድም። ባትሪውን ይቀይሩ፣ እስከዚያው ቀኑን ባዮስ ውስጥ ያስተካክሉ።

ተጭኖ ካለቀ በኋላ መጫኛው እንደገና ከመጀመሪያው ቢጀምር ደግሞ አይደንግጡ፤ ፍላሹን ይንቀሉት።