የግሪኩ ካላማቲያኖስ እንዴት እንደተስተካከለልኝ

ለልጆቹ የተለያዩ አገሮች ባህላዊ ጭፈራ ሳስተምር ካላማቲያኖስ ላይ ሦስት ሳምንት ተቸገርኩ። ሙዚቃው ሲጀምር እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ክብ ይበጠሳል፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላዋ የጓደኛዋን እግር ትረግጣለች። ችግሩ ከኔ አቆጣጠር ነበር። በ4 እቆጥርላቸዋለሁ፤ ዘፈኑ ግን የሚሄደው በ7 ምት ነው፤ 3፣ 2፣ 2 እየሆነ። የመጀመሪያው እርምጃ ይረዝማል፣ ሁለቱ ያጥራሉ።

ሙዚቃውን ዘግቼ እያጨበጨብን «ረ-ዘ-መ፣ አ-ጭር፣ አ-ጭር» አልን። ይህ አራቴ ሲደገም የጭፈራው 12 እርምጃ ይሞላል። አማርኛው ልክ ሰባት ሆኖ መግጠሙ በጣም ደስ አለኝ!

ከዚያ ፈጣኑን ቅጂ ትቼ ዝግ ያለውን፣ ምቱ ጎልቶ የሚሰማውን መረጥኩ። አሁን ማንኛውንም ዘፈን ለልጆች ከመስጠቴ በፊት ራሴ አጨብጭቤ እሞክረዋለሁ። ትናንት መሪዋ ልጅ መሐረቧን እያወዛወዘች ክቡን ሳይበጠስ እስከ መጨረሻው አዞረችው።