ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይስ ኤሌክትሪክ? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

"የትኛው ይሻላል" የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ ዋጋና ፍጆታ ላይ ያልቃል። ሦስቱም ይበላሻሉ፤ የሚበላሹበት መንገድ ነው የሚለያየው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ምርጫው በተግባር ወይ ኤሌክትሪክ ወይ እዚሁ አገር የሰነበተ ቤንዚንና ናፍጣ ሆኗል። ጎማ፣ ዘይትና ፊውዝ ማየት የታወቀ ስለሆነ እዚህ አይነሳም።

ኤሌክትሪኩ በር አይከፍትም፣ ዳሽቦርዱ አይበራም፣ ወይም ይበራና "ሬዲ" (ለመሄድ ዝግጁ) አይልም

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ባለቤቱ ማታ 70 ፐርሰንት ቻርጅ አይቶ ገብቷል፤ ጠዋት መኪናው ጭጭ። ወዲያው "ትልቁ ባትሪ ሄደ" ይባላል፣ የባትሪ ዋጋ ይጠየቃል፣ ቤተሰብ ይደነግጣል። ትልቁ ባትሪ ግን ደህና ነው። የሞተው አብዛኛው መኪና ላይ የፊት ኮፈን ስር የሚቀመጠው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 350 ወይም 400 ቮልት ገደማ ያለው ትልቁ ባትሪ መኪናው ሲጠፋ ከቀረው አካል ይነጠላል። መልሰው የሚያገናኙት ኮንታክተር የሚባሉ ከባድ ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ናቸው፤ እነሱን የሚያነሳሳቸው ደግሞ የ12 ቮልቱ ኃይል ነው። ኮምፒውተሮቹም፣ የበር መቆለፊያውም፣ የቻርጅ ሶኬቱ መቆለፊያም በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት። ትንሹ ከሞተ ትልቁ ሞልቶም ቢሆን አይደረስበትም። ቻርጀር ብትሰኩበትም አብዛኛው መኪና አይቀበልም።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት በመልቲሜትር ለኩ። መኪናው ተቆልፎ ለሰዓታት ከቆመ በኋላ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ በሉት። መኪናው "ሬዲ" ላይ ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። "ሬዲ" ላይ ሆኖ 12.3 ካሳየና እየወረደ ከሄደ የዲናሞን ሥራ የሚሠራው ዲሲ ዲሲ ኮንቨርተር እየሞላ አይደለም። ያ ሲሆን ጉዳዩ የጋራዥ ነው፤ ግን ብርቅ ነው።

ብርቅ ያልሆነው ተጨማሪ ዕቃ ነው። ዳሽካም፣ ጂፒኤስ፣ አላርም፣ አምፕሊፋየር፣ ሁሉም "አንድ ሽቦ ብቻ ነው" እየተባለ ቀጥታ ባትሪው ላይ ይታሰራል። ስሌቱን ተመልከቱ። ጤነኛ መኪና ተቆልፎ ኮምፒውተሮቹ ሲተኙ የሚስበው ከ50 ሚሊአምፒር በታች መሆን አለበት፤ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ማለት ነው፤ 45 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ ከወር በላይ ይቆያል። ማታ ማታ የማይተኛ ካሜራና ጂፒኤስ ተደምረው ግማሽ አምፒር ከሳቡ በቀን 12 አምፒር ሰዓት ይሄዳል፤ ባትሪው አራት ቀን አይሞላም። ባለቤቱ ለበዓል ክፍለ ሀገር ሄዶ ሲመለስ የሚያገኘውን ገምቱ።

ሌላው መንስኤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ መስማት ነው። "ሬዲ" ሳይሉ ስክሪኑን ብቻ አብርቶ ሰው መጠበቅ፣ በር ከፍቶ መኪና ማጠብ፣ ይሄ ሁሉ ትንሹን ባትሪ ይበላል። መቀመጥ ካለባችሁ "ሬዲ" አድርጋችሁ፣ ማርሹን "ፒ" ላይ አስገብታችሁ ተቀመጡ፤ ያኔ ትልቁ ትንሹን እየሞላ ይቆያል።

ሦስተኛው ገና ሲገዛ የታመመ ባትሪ ነው። መኪናው ወደብ ላይ ወራት ቆሟል፣ ከዚያ ነጋዴው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሊድ ባትሪ ባዶውን ለሳምንታት ሲቀመጥ ሳህኖቹ በሰልፌት ይሸፈናሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሙሉ አይሞላም። "ዜሮ ኪሎሜትር" የተባለ መኪና በሁለተኛው ወር የሚሞተው በዚህ ነው።

አሁን መፍትሄው። በሩ በሪሞት ካልከፈተ ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፤ የቁልፉ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሾፌሩ በር እጀታ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ኮፈኑን ክፈቱ፤ የባትሪውን ሁለት ማሰሪያዎች በእጅ ነቅንቁ። ከላላ አጥብቁትና ሞክሩ፤ ተጎትቶ ጋራዥ ድረስ መጥቶ በ10 ቁጥር ቁልፍ ሩብ ዙር በማጥበቅ ብቻ የተነሳ መኪና ብርቅ አይደለም። ካልሆነ ከሌላ የ12 ቮልት መኪና ወይም ከኪስ ጀምፐር ኃይል ስጡት። ሞተሪኖ ስለማያዞር ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። ቅደም ተከተሉ፦ ቀይ ካቦ በሞተው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጫፍ በሰጪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ በሰጪው ኔጋቲቭ፣ የመጨረሻው ጫፍ ቀለም በሌለው የሞተው መኪና ብረት ላይ። "ሬዲ" ሲል በተቃራኒው ቅደም ተከተል ንቀሉ።

እዚህ ላይ የሚሠሩት ጥፋቶች ከብልሽቱ ይከፋሉ፦

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ማሳሳት። የኮንቨርተሩን ፊውዝ ብቻ ካቃጠለ ዕድለኛ ናችሁ።

ከሲኖትራክ ላይ ካቦ ስቦ ማስነሳት። ያ መኪና 24 ቮልት ነው። ኮምፒውተሮቹን ይጨርሳል።

በኤሌክትሪኩ የጎረቤትን ቤንዚን መኪና ማስነሳት። ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 አምፒር በላይ ይስባል፤ ኮንቨርተሩ ለዚያ አልተሠራም። ኃይል ከሰው ተቀበሉ እንጂ አትስጡ።

በገመድ መጎተት። ጎማው ሲዞር የሚነዳው ሞተር ኃይል ያመነጫል። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ በጭነት ነው የሚሄደው።

ብርቱካናማ ካቦ መንካት። ያ ትልቁ ቮልቴጅ ነው። ማንም "ሽቦ አውቃለሁ" ያለ ሰው አይፍታው። የሚያውቀው ሰው እንኳ ጓንት አድርጎ፣ ሰርቪስ ፕለጉን (ትልቁን ባትሪ የሚቆርጠውን መሰኪያ) ነቅሎ፣ ካፓሲተሩ እስኪያልቅ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቆ ነው።

መኪናው ከተነሳ በኋላ "ተስተካከለ" ብሎ መሄድ የለም። እስከ ታች የወረደ ባትሪ በግማሽ ሰዓት ጉዞ አይሞላም። በ12 ቮልት ቻርጀር፣ በ5 አምፒር ገደማ፣ ሌሊቱን ሙሉት። ከዚያ መለያው ይሄ ነው፦ አንድ ሌሊት ኔጋቲቩን ፈትታችሁ አሳድሩት። ተፈትቶ አድሮም ከ12.4 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ሞቷል። ተፈትቶ ሲያድር ይዞ፣ ታስሮ ሲያድር ከወረደ የሚጠጣው ዕቃ አለ፤ መጀመሪያ የጨመራችሁትን ዕቃ አንድ በአንድ ንቀሉ። (ኔጋቲቩን ከመፍታታችሁ በፊት ኮፈኑ ክፍት መቅረቱን አስቡ፤ በሩን ቆልፋችሁ ቁልፉን ውስጥ የምትረሱ ደግሞ ታውቃላችሁ።)

ሲቀየር ኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ቃጫ የተያዘ የሊድ ባትሪ) የነበረው በኤጂኤም ይተካ። ርካሹን "ያው ነው" የሚል ሻጭ አትስሙ፤ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 60 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ 14፣ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ጽሑፉ ብቻ ነው 60። አንዳንድ የቢዋይዲ ሞዴሎች ትንሹም ባትሪ ሊቲየም ነው፤ ያንን በሊድ ባትሪ ቻርጀር፣ በተለይ "ማደሻ" የሚል ቁልፍ ባለው፣ አትሙሉት።

ቤት ሰክታችሁ ቀይ መብራት ይበራል ወይም ሶኬቱ ይቀልጣል

ቀይ መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ሽቦ የለም እያለ ነው። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው መሬት አለው ማለት አይደለም፤ ብዙ ቤት ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ ነው። 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ እርጥብ አፈር ላይ ቀብራችሁ ቢያንስ በ6 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ አምጡ። ሶኬቱ ውስጥ መሬቱን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን የሚያታልል ኤሌክትሪሺያን ከመጣ በሩን አሳዩት፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ሲበጠስ የመኪናው አካል ራሱ 220 ቮልት ይሆናል፣ ልጅ ደግሞ መኪና ይነካል።

የሚቀልጠው ሶኬት የላላ ወይም ርካሽ ነው። 10 አምፒር ለግማሽ ሰዓት ቢሄድ ምንም አይልም፤ ለ15 ሰዓት ሲሄድ የላላው መገናኛ ይግላል። በዲቫይደር አትሙሉ። በተጠቀለለ ኤክስቴንሽንም አትሙሉ። ለብቻው ብሬከር ያለው መስመር ይሳብ፦ እስከ 16 አምፒር 4 ካሬ፣ 7 ኪሎዋት ላለው የግድግዳ ቻርጀር ቢያንስ 6 ካሬ። 10 አምፒር በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ነው፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ባትሪ ከ20 ወደ 80 ፐርሰንት ለመሄድ 18 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን ቁጥር መኪናው ከመገዛቱ በፊት አስሉት።

ኪሎሜትሩ ቶሎ ያልቃል

ፍጥነትና ዳገት ነው። 120 የሚነዳ ሰው 80 ከሚነዳው ጋር አንድ ቁጥር አይጠብቅ። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ 700 ሜትር ገደማ ዳገት አለ፤ ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ለከፍታው ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨምራል። ኤልኤፍፒ (የብረትና የፎስፌት ሊቲየም) ባትሪ ያለው ቢያንስ በሳምንት አንዴ 100 ፐርሰንት ይሞላ፣ አለበለዚያ የሚያሳየው ቁጥር ይዋሻል። ኤንኤምሲ (የኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ሊቲየም) ያለው ለዕለት ሥራ 80 ይበቃዋል።

ቤንዚኑ ያፈላል

በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ደግሞ በጤናው 90 አካባቢ ይሠራል። በመሃል ያለው ጥበቃ ኩላንቱና ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ብቻ ናቸው። ሰው የቧንቧ ውሃ ሞልቶ፣ ጎማው የደረቀ ክዳን ገጥሞ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሲያፈላበት "ቴርሞስታቱ ይውጣ" ይባላል። ቴርሞስታት ማውጣት መፍትሄ አይደለም፤ ሞተሩ በቅዝቃዜ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል። ግፊቱ 1.1 የሚል ክዳን ተነስቶ 0.9 የገጠመ መኪናም ሞልቷል። ቅደም ተከተሉ፦ ክዳን፣ የፋን ሪሌ፣ የራዲያተር ውጪ በጭቃና በነፍሳት መደፈን፣ የውሃ ፖምፓ። ውሃው ሳይፈስ እየጎደለ ጠዋት በማርሚታ ነጭ ጭስ ካለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው። እየፈላ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ነው የሚያጣው።

ሲሞቅ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ የነዳጅ ፖምፓውን ጠርጥሩ። ታንከር ውስጥ ሆኖ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነው፤ ሁልጊዜ የነዳጅ ማነስ መብራት በርቶ የሚነዳ ሰው ፖምፓውን እያቃጠለ ነው። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ካለበት ሞተሩ ይንኳኳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ታንከሩ ተደፍቶ ይታጠባል እንጂ "ይቃጠላል፣ ይወጣል" አይሠራም።

ናፍጣው ጠዋት ይንኳኳል፣ ጉልበት ያጣል

መጀመሪያ ፊልትሮ። መጽሐፉ የሚለውን ርቀት ተዉት፤ በጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ የሚጠቀም ሰው በ10,000 ኪሎሜትር ይቀይር፣ ከሥሩ ያለውን ውሃ ደግሞ በየወሩ ያፍስ።

ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ ያለው የ3.0 ሊትር 1ኬዲ ሞተር ጠዋት ኢንጀክተሩ ሲንኳኳ "ናፍጣ እንዲህ ነው" ተብሎ ከታለፈ ውድ ነው። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለው የመዳብ ዋሸር ሲያሳልፍ ጋዙ ዘይቱን ያከስለዋል፣ ከሰሉ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል፣ ዘይት ሳይደርሰው ሞተሩ ይነክሳል። ዋሸር መቀየርና ኮፓ ፈትቶ ወንፊት ማየት ርካሽ ነው፤ ሞተር ማውረድ አይደለም። ኢንጀክተሮቹ በመመለሻ ፍሰት ይፈተሹ፤ ብዙ የሚመልሰው ነው የታመመው። ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ ቧንቧ ጫፍ በእጅ አትዳስሱ፤ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፣ ቆዳ ይበሳል።

ጥቁር ጭስ ከሆነ የአየር ማጣሪያው ወይም የተቀደደ የተርቦ ጎማ ቱቦ ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ቤንዚን በስህተት ከተቀዳበት ቁልፉን አታዙሩ፣ ታንከሩን ድፉ።

ከመግዛት በፊት

መኪናው የሚቆምበት ሶኬት ያለው ግቢ የሌለውና በየሳምንቱ ጂማ የሚመላለስ ሰው ኤሌክትሪክ አይግዛ፤ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ የሚመላለስ ደግሞ ናፍጣ ምን ያደርግለታል? በዚህ ከፍታ ተርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ከባሕር ጠለል ጉልበቱ 20 ፐርሰንት ያህል እንደሚያጣም ቁጠሩት፤ 1.0 ሊትር መኪና ላይ አምስት ሰው ሲጫን ይታወቃል።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ላይ በኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) የሴሎቹን ቮልቴጅ 50 ፐርሰንት አካባቢ አንብቡ፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መሃል ከ100 ሚሊቮልት በላይ ካለ ተዉት። ናፍጣ ላይ ሞተሩ ሞቆ የዘይት ክዳኑን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ወርውሮ ከጣለው ቀለበቶቹ አልቀዋል። ቤንዚን ላይ ራዲያተሩን በቀዝቃዛው ክፈቱ፤ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ካለ ኩላንት አይቶ አያውቅም። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን በጠዋት፣ ሳትደውሉ ሂዱ።